ቶነራችንን ለሚሞላልን ወንድማችን ምስጋና፣ ለሌሎች ቢሮዎችም ጥቆማ

መገናኛ አካባቢ በአንድ ሕንፃ ላይ ያሉ ጥቂት ቢሮዎችን ፕሪንተር የምንከታተል ባልደረቦች ነን። ያለቀ ካርትሪጃችንን (የፕሪንተሩን ቀለም ዱቄት፣ ማለትም ቶነሩን፣ የሚይዘውን ዕቃ) እየወሰደ ሞልቶ ለሚመልስልን ባለሙያ በአደባባይ እግዜር ይስጥልን ልንለው ወደድን። ቶነር የሚሞላ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ሞልቷል። እሱን የምናመሰግነው በሁለት ነገር ነው፦ ከመሙላቱ በፊት ያጸዳል፣ መሞላት የሌለበትንም አይሞላም።

አብዛኛውን ጊዜ የምንሰጠው የኤችፒ 12ኤ፣ 85ኤ እና 05ኤ የሚባሉትን ካርትሪጆች ነው። አንዱንም ቢሆን ሳያትምበት አይፈታም። ካርትሪጁን ፕሪንተሩ ውስጥ መልሶ ያስገባና አንድ ገጽ አውጥቶ ወረቀቱን ብርሃን ላይ ይዞ ያያል። አንድ ዓይነት ነጥብ ከላይ እስከ ታች እየተደጋገመ ከመጣ ማስመሪያ ያስቀምጥበታል። በ12ኤ እና በ85ኤ ላይ በነጥቦቹ መካከል 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ካለ ጥፋቱ የድራሙ፣ ማለትም ዱቄቱን ወረቀቱ ላይ የሚያሳርፈው ሲሊንደር፣ ነው፤ የድራሙ ዲያሜትር 24 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አንድ ጊዜ ሲዞር የሚሸፍነው ወረቀት ያንኑ ያህል ነው። ርቀቱ የዚያ ግማሽ ገደማ ከሆነ ድራሙን በኤሌክትሪክ የሚሞላውን ቻርጅ ሮለር ይጠረጥራል። ቀጥ ብሎ የሚወርድ ቀጭን ጥቁር መስመር ከታየ ድራሙ ተጭሯል ወይም ትራፊ ዱቄት ከድራሙ ላይ የሚጠርገው ዋይፐር ብሌድ ደክሟል። እንዲህ ያለው ካርትሪጅ ቶነር ቢጨመርበትም መስመሩ አይጠፋም፤ ስለዚህ አስቀድሞ ይነግረናል።

ሥራው የሚለየው ግን በቆሻሻው ቶነር ላይ ነው። ካርትሪጅ ሁለት ጎተራ አለው። በአንዱ አዲሱ ዱቄት ይቀመጣል፣ በሌላው ከድራሙ ላይ ተጠርጎ የወረደው ትራፊ ይጠራቀማል። የሚቸኩል ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ሞልቶ ይመልሳል። ሁለተኛው እየሞላ ሄዶ መያዝ ሲያቅተው ዱቄቱ ወረቀቱ ላይ ይራገፋል፣ የፕሪንተሩም ሆድ ጥላሸት ይለብሳል። ይሄኔ "የተሞላ ቶነር ፕሪንተር ያበላሻል" ይባላል፤ ያበላሸው ግን ሳይጸዳ መሞላቱ ነው።

እሱ የጎንና የጎን ፒኖቹን በፒንሳ ስቦ ካርትሪጁን ለሁለት ይከፍለዋል። ድራሙን ጫፍና ጫፉን ብቻ ይዞ ያወጣና ወዲያው በጥቁር ጨርቅ ይጠቀልለዋል፤ ብርሃን ያደክመዋል፣ የጣት ቅባትም ምልክት ይተውበታል። ቻርጅ ሮለሩን ያነሳል፣ የዋይፐር ብሌዱን ሁለት ብሎኖች ይፈታል፣ ትራፊውን ፌስታል ውስጥ ገልብጦ አፉን ያስራል። ያን ትራፊ ከአዲሱ ጋር መልሶ አይቀላቅልም። የወረቀት ብናኝ ስላለበት ድራም ይጭራል፣ ገጹንም ግራጫ ያደርገዋል። ይህን ሁሉ ሲሠራ ማስክ ያደርጋል፣ ጠረጴዛውን በጋዜጣ ይሸፍናል።

ለ12ኤ የሚጨምረው 100 ግራም ቶነር ነው፤ በትንሽ ሚዛን ይመዝነዋል። "ትንሽ ጨምርበት" ብንለውም እሺ አይልም፤ ከልኩ ያለፈ ዱቄት በጎን ያፈሳል እንጂ ጥቅም የለውም። ገጥሞ ሲጨርስ ካርትሪጁን አግድም ይዞ አምስት ስድስት ጊዜ ወዲህ ወዲያ ያወዛውዘዋል፣ ከዚያ ሦስት ገጽ ያትማል። የመጨረሻውን ገጽ ጽሑፍ በአውራ ጣቱ ጠንከር አድርጎ ያሸዋል። ቀለሙ ከለቀቀ ወይ ቶነሩ ለዚያ ፕሪንተር የሚሆን አይደለም፣ ወይ ዱቄቱን አቅልጦ ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው የፕሪንተሩ ማሞቂያ በደንብ አያሞቅም። ያ ሳይታወቅ አያስረክብም። ካርትሪጁ ጎን ላይ ቀኑንና ስንተኛ ሙሌት እንደሆነ በማርከር ይጽፋል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተሞላ በኋላ ድራሙና ዋይፐር ብሌዱ አብረው እንዲቀየሩ ይጠይቃል። ቀፎው የተሰነጠቀውን ይመልስልናል።

ስለ ገጽ ብዛት ከሞላው ሰው ጋር መጣላት ተገቢ አይደለም። አዲሱ 12ኤ ራሱ የሚሰጠው 2,000 ገጽ ገደማ ነው፣ 85ኤ 1,600፣ 05ኤ 2,300። ያውም ቀለሙ የወረቀቱን 5 በመቶ ብቻ ሲሸፍን ነው። ሰንጠረዥና ጥቁር አርማ የበዛበት ቅጽ የሚያትም ቢሮ ከዚያ በታች ቢያገኝ አይግረመው።

ከቢሮ በኩልም የሚጠበቅ አለ። ገጹ እንደፈዘዘ ካርትሪጁን አውጥታችሁ አወዛውዙት፤ ጥቂት ቀን ያሠራችኋል። በቃ ሲል ደግሞ የመጣበት ጥቁር ላስቲክ ውስጥ መልሱት፣ ከሌለ በወፍራም ወረቀት ጠቅልላችሁ ካርቶን ውስጥ አስቀምጡት። መስኮት ላይ ፀሐይ እየመታው የከረመ ድራም ይበላሻል። የየትኛው ፕሪንተር እንደሆነና ምን ችግር እንዳሳየ በፕላስተር ላይ ጻፉበት። ለቁራሌው ደርባችሁ አትስጡ፣ ከወረቀት ጋርም አታቃጥሉት፤ ቶነር ደቃቅ ፕላስቲክ ነው። አዲስ ካርትሪጅ የመጣበትን ካርቶን ግን ቀድዳችሁ ጣሉ፤ ደህናው ማሸጊያ የተሞላውን "አዲስ ነው" ብሎ ለሚሸጥ ይመቸዋል። ዱቄት ከፈሰሰባችሁ በእርጥብ ጨርቅ አንሱት፣ ልብስ ላይ ከሆነ በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡት። ሙቅ ውኃ ያጣብቀዋል።

የኢንክ (የፈሳሽ ቀለም) ካርትሪጅም ይሞላል፣ ግን ጭርሱን ሳያልቅ ስጡት። የማተሚያ ጫፉ ካርትሪጁ ላይ ባለበት ዓይነት ቀለሙ ጫፉን ያቀዘቅዘዋል፤ ባዶውን ሲያትሙበት ይቃጠላል። ወር ሙሉ መሳቢያ ውስጥ የደረቀውን እሱም ብዙ አይሞክረውም።

እጅህ ይባረክ ወንድማችን። ስልኩን እዚህ አናወጣም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁን። ስትደውሉለት የፕሪንተሩን ሞዴል፣ የካርትሪጁን ቁጥርና ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ እንደተሞላ አዘጋጅታችሁ ደውሉ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።