ሊፍት ሳይደረግ ትልቅ ጎማ፦ ባሕር ዳር ላይ ያገኘሁት አገልግሎት

ወንድሜ ባሕር ዳር የሚነዳት ፕራዶ 120 ናት። ከፋብሪካ የወጣችበት ጎማ 265/65 ባለ 17 ነው፤ ስፋቱ 265 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 65 በመቶ፣ ቸርኬው (የመሃሉ ብረት) 17 ኢንች ማለት ነው። ለከተማው በቂ ነው። ችግሩ የሚመጣው እናታችንን ይዘን ወደ ትውልድ ቀዬዋ ስንሄድ ነው። ሐሙሲት ላይ አስፋልቱን ለቆ ወደ ውስጥ የሚገባው መንገድ ዋልካ ነው። ክረምት ላይ አይሱዙና ትራክተር ያርሰዋል። በጋ ሲገባ ያ የታረሰ ጭቃ እንዳለ ይደርቃል። ጎማ የሚሄድበት ቦይ ጠልቆ፣ መሃሉ ጉብታ ሆኖ ይቀራል። ባለፈው ስመጣ የመኪናዋ ሆድ ጉብታውን ሲፍቅ ከውስጥ ሆኜ ሰምቻለሁ። እናቴም ወገቧን ይዛ ነው የደረሰችው።

ለጥምቀት ስመጣ ጎማውን ከፍ ላደርግላቸው ወስኜ ነበር። ሊፍት ግን አላስብም። ሊፍት ማለት ሞላውንና አሞርዛተሩን በረጅም ቀይሮ መኪናውን ከፍ ማድረግ ነው። ዕቃው ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ወጪውም ቀላል አይደለም። ዋናው ምክንያቴ ግን እናቴ ናት። 78 ዓመቷ ነው። አሁንም ወደ መኪናው የምትወጣው እጀታውን ይዛ፣ አንድ ሰው ከኋላ ደገፍ አድርጓት ነው። አምስት ሴንቲ ሜትር ከተጨመረበት አትችለውም።

እኔ የምኖረው አሜሪካ፣ ዴንቨር ነው። እዚያ ተራራ የሚወጡ መኪኖች ላይ 285/70 ባለ 17 ጎማ በየቀኑ አያለሁ። ስለዚህ ልቤ እሱ ላይ ነበር።

መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ ስሙን አልጠራም። ጎማው አለ፤ «አዲስ ነው፣ ትናንት የገባ» ተባልኩ። ላስቲኩ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ነው። ጎንበስ ብዬ ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር አየሁ። 2218 ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመተ ምሕረቱን ነው የሚናገሩት። 2018 እንደ ፈረንጆቹ፣ 22ኛው ሳምንት ማለት ነው። ከስድስት ዓመት በላይ መጋዘን የተቀመጠ ጎማ ነው እንግዲህ። ላስቲክ ሳይነዳም ያረጃል፤ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ይህን ስነግረው ሻጩ ተቆጣ። እኔም አመስግኜ ወጣሁ። ጎማ የምትገዙ ሰዎች እባካችሁ ይህን ቁጥር ሳታዩ ብር አትቁጠሩ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ሁለተኛው ቦታ ነው። ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ጎሚስታ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ ኮምፕሬሰር፣ አንድ የጎማ መፍቻ ማሽን፣ ሁለት ረዳቶች። ባለቤቱ ስድሳዎቹ ውስጥ ያሉ ሰው ናቸው። ስማቸውን ለመጻፍ ስላላስፈቀድኳቸው «ጋሼ» እላቸዋለሁ።

285 እፈልጋለሁ ስላቸው ወዲያው አልመለሱልኝም። ከጥግ አንድ ያገለገለ 285/70 አንከባለው አመጡና መኪናዋን በክሪክ አስነሱ። የፊት ግራውን ፈተው ያንን ገጠሙ። ከዚያ ጠመኔ አወጡ። የጎማውን ጥርስና ትከሻውን ዙሪያውን በጠመኔ ቀቡት። መኪናዋን አውርደው ረዳቱን «መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዘው፣ ቀስ ብለህ ወደኋላ ሂድ» አሉት። ከዚያ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ። መኪናዋ ስትቆም እጄን ይዘው አጎነበሱኝ። የፓራፋንጎው የውስጥ ፕላስቲክ ላይ የመዳፍ ስፋት ያለው ነጭ ምልክት ቀርቷል። ከፕላስቲኩ ጀርባ፣ ቦዲው ከሻንሲው ጋር የሚታሰርበት ብረት ላይ ደግሞ ሌላ ነጭ ጭረት አለ።

«ልጄ፣ ይኼ ጎማ ይገባል፤ አይዞርም እንጂ» አሉኝ።

ታዲያ ብረቱን ብናስቆርጠውስ? ብዬ ጠየቅኩ። ይቆረጣል፣ ተመልሶም ይበየዳል፤ ብዙ ሰው ያደርገዋል አሉ። ግን ቦዲውን የተሸከመ ቦታ ነው። ስፔሰር የሚሉት ብረት ከቸርኬው ጀርባ ገብቶበት ጎማው ወደ ውጭ ቢወጣስ አልኩ። እሱ ይብሳል አሉኝ። ጎማው ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር መሪ ሲዞር የሚጠርገው ክብ ይሰፋል፤ ይበልጥ ይነካል። ኩሽኔታውም ይጫነዋል። ሊፍት ቢደረግ እንኳ ያ ብረት ከቦታው አይሄድም፤ መኪናዋ ጉድጓድ ውስጥ ስትሰምጥ ጎማው ተመልሶ እዚያው ይደርሳል አሉ። ይህን ዴንቨር ውስጥም እንዲህ አጥርቶ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። የትልቁን ጎማ ሽያጭ አጥተው ነው የነገሩኝ።

የመከሩኝ 265/70 ባለ 17 ነው። ስፋቱ ያው ነው፤ ቁመቱ ብቻ ይጨምራል። የድሮው ከላይ እስከ ታች ሲለካ 776 ሚሊ ሜትር ግድም ከፍታ አለው፤ አዲሱ 803። መኪናዋ የምትነሳው የልዩነቱን ግማሽ ነው፤ 13 ሚሊ ሜትር። ስሰማው ትንሽ መሰለኝ። ጋሼ ጣታቸውን ጎማው ጎን ላይ አድርገው፣ ከቸርኬው ጠርዝ እስከ መሬት ያለውን ላስቲክ አሳዩኝ። እሱ ከ172 ወደ 185 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ድንጋይ ሲመታ የሚዋጠው እዚያ ነው፤ «የእናትህን ወገብ የሚያድነው ይኼ ነው» አሉኝ። እዚያው ተስማማሁ።

አራት ላስገባ ስል ደግሞ አምስት መሆን አለበት አሉ። ፕራዶ ሁልጊዜ አራቱንም ጎማ ነው የምታሽከረክረው። አንዱ ጎማ ፈንድቶ የድሮው ትንሹ ስኮርታ (ትርፍ ጎማ) ቢገባ፣ ጎማዎቹ እኩል ስለማይዞሩ ዲፈረንሻሉ ሳያርፍ ይሠራል። ለአጭር መንገድ ያደርሳል፤ ለገጠር ጉዞ ግን አይሆንም። የአምስቱንም ቁጥር አብረን አየን። ሁሉም ከተመረቱ ከአንድ ዓመት ያልበለጣቸው ነበሩ። ዋጋውን ሆን ብዬ አልጻፍኩም፤ በየወሩ ስለሚለዋወጥ ሰው አሳስታለሁ።

እነዚህም ቢሆኑ ጠመኔው ተቀብቶላቸው ተሞከሩ። አሁን አንድ የፊት ጎን አንድ ጉብታ ላይ ወጥቶ፣ መሪው ተጠምዝዞ ነው የተፈተነው፤ ደልዳላ ላይ የማይነካ ጎማ ሞላው ሲታጠፍ ሊነካ ይችላል። የጭቃ መከላከያው ላስቲክ ጫፍ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ወጣ። ባቲላሜራ (የመኪና ቦዲ ሠሪ) ጎረቤታቸው መጥቶ ከላስቲኩ ሁለት ጣት ያህል በቢላ ቆረጠ። የውስጡን ፕላስቲክ ደግሞ በሙቅ አየር አለስልሶ በመዳፉ ወደ ውስጥ ገፋው፤ እስኪቀዘቅዝ በእጁ ይዞት ቆየ። ቡቱቶ ጨርቅ እንኳ አልያዘም። ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ብረት አልተነካም።

አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል፣ ሌላ ጋራዥ ነው ያስደረግነው። እዚያ ቅሬታ አለኝ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ኑ ተብለን ደረስን፤ መብራት የለም። ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለውም። ስልካችንን ይዘዋል፤ ደውለው ቢነግሩን ምን ነበረበት? እስከ ሰባት ሰዓት ጠበቅን። በመሃል ሐይቁ ዳር ወርደን የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ በላን፤ እሱስ ጣፋጭ ነበር። መብራቱ ሲመጣ ልጁ ሥራውን በደንብ ሠራ። ጋሼ የላኩትን መልእክት ነገርኩት፤ የታችኛውን ብራቾ (ጎማውን የሚይዘውን ክንድ) ማስተካከያ ተጠቅሞ ጎማውን ጥቂት ወደ ፊት ገፋ አደረገው። ኋላ ካለው ብረት ያርቀዋል። ለዚህ እጁ ምስጋናዬ ይድረሰው።

በማግስቱ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቀን ወጣን። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ እናቴ በቀን ብርሃን ተሻግራው አታውቅም ነበር። 380 ሜትሩን ሙሉ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ ውሃውን አየች። አስፋልቱ ላይ የመኪናዋን ፍጥነት ከስልኬ ጋር አነጻጸርኩ። ጎማ ሲያድግ ቆጣሪው ከእውነቱ ዝቅ ያደርጋል፤ በዚህ ልክ 80 ሲል በስሌት 83 አካባቢ መሆን ነበረበት። የፋብሪካ ቆጣሪ ግን ከመጀመሪያውም ትንሽ አብዝቶ ነው የሚያሳየው። ሁለቱ ተቻችለው ስልኩና ቆጣሪው አሁን ተቀራርበዋል። ዳገት ላይ ሞተሩ ጥቂት ከበድ ይለዋል፤ ወንድሜ አንድ ማርሽ ቀድሞ መቀነስ ለምዷል።

ዋልካው ላይ ስንገባ የጎማውን ንፋስ ትንሽ ቀነስን። ያ ጉብታ ጋ ስንደርስ ትንፋሼን ይዤ ነበር። አልፋቀም። ሌላ ሁለት ቦታ ላይ ግን ፍቋል፤ 13 ሚሊ ሜትር ተአምር አይሠራም፤ ወንድሜ አንዱን ጎማ ጉብታው ላይ አውጥቶ አለፈ። ድንጋዩ ላይ ግን ልዩነቱ ይሰማል። ቁርጥ ቁርጥ የሚለው ምት ለስልሷል። እናቴ ደርሳ ስትወርድ ወገቧን አልያዘችም። ስትወጣም እንደ ድሮው እጀታዋን ይዛ ወጣች።

100 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ጎሚስታው ጋ ተመለስን። ያዘዙን እሳቸው ናቸው፤ አዲስ የታሰረ ጎማ ዳዶው ስለሚላላ ደግሞ መጥበቅ አለበት። ረዳቱ በመስቀለኛ አንድ በአንድ ነካካቸው። የኋላ ቀኝ ላይ አንዱ ሩብ ዙር ያህል ዞረ። ሌላው ሁሉ ጥብቅ ነው። ጋሼ ለዚህ ብር አልቀበልም አሉ። የቀረ ነገር አንድ ብቻ ነው፦ ኋላ በሩ ላይ ያለው የስኮርታው ጠንካራ ሽፋን በትልቁ ጎማ ላይ አልገባም። ወንድሜ ያለ ሽፋን ነው የሚነዳት፤ ሰፊ ሽፋን ባሕር ዳር ውስጥ ያየ ሰው ካለ ቢጠቁመን ደስ ይለናል።