ለጎጃም ቤትና ሕንፃ የሚሆን የነፋስ ተርባይን፦ የትኛው ዓይነት፣ የትስ ላይ?

በሕንፃ ላይ የሚተከል አነስተኛ የነፋስ ተርባይን ለመግዛት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚያየው በሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ዋት ነው፤ ሆኖም ከሁሉም ያነሰ መረጃ የሚሰጠው ይኸው ቁጥር ነው። አምራቹ «1000 ዋት» ብሎ ሲጽፍ አብዛኛውን ጊዜ ነፋሱ በሰከንድ 12 ሜትር ሲነፍስ ማለቱ ሲሆን፣ ይህም ትልልቅ ቅርንጫፎችን የሚያወዛውዝና ጃንጥላ ለመያዝ የሚያስቸግር ነፋስ ነው። በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ እንዲህ ያለው ነፋስ ዝናብ ሊጥል ሲል ለጥቂት ደቂቃ ብቅ ብሎ ያልፋል እንጂ የየዕለት እንግዳ አይደለም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር በዋት ላይ ሳይሆን ክንፎቹ በሚጠርጉት ስፋት፣ በቦታው ነፋስና ተሸካሚው ሕንፃ በሚችለው ላይ የተመሠረተ ነው።

የነፋስ ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል፣ በግማሽ ሲቀንስም ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ አልበርት ቤትዝ ከ100 ዓመት በፊት እንዳሳየው፣ የትኛውም ተርባይን በክንፎቹ መካከል ከሚያልፈው ነፋስ ኃይል ከ59.3 በመቶ በላይ ሊወስድ አይችልም፤ አነስተኛ ተርባይን በተግባር ከ20 እስከ 30 በመቶ ከወሰደ ጥሩ ሠራ ይባላል። የአገራችን ከፍታም የራሱን ይቀንሳል። 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ባሕር ዳር አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ሲሆን፣ ከ2,400 ሜትር በላይ በሆነችው ደብረ ማርቆስ ልዩነቱ ወደ አንድ አራተኛ ይጠጋል፤ ስለሆነም በባሕር ጠረፍ ተሞክሮ ቁጥር የተጻፈለት ማሽን እኛ ዘንድ በዚያው ነፋስ ያንኑ ኃይል አይሰጥም።

በገበያ የሚገኙት ማሽኖች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ወገን ዘንጉ አግድም የሆነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ክንፍ ያለውና ጅራቱ ፊቱን ወደ ነፋሱ የሚያዞርለት ዓይነት ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ 2 ሜትር የሆነው 3.1 ካሬ ሜትር ያህል ይጠርጋል፤ አንድ አራተኛውን ኃይል ይወስዳል ብለን በባሕር ዳር አየር ብናሰላው፣ በሰከንድ 3 ሜትር ነፋስ 10 ዋት፣ በ6 ሜትር 80 ዋት፣ በ12 ሜትር 640 ዋት ገደማ ይሰጣል። ሻጩ «አንድ ሺህ» ያለው ማሽን ይኸው ነው። እንደነዚህ ያሉ ብዙ ማሽኖች ከ3 ሜትር በታች ጭራሽ አይነሡም።

ሁለተኛው ወገን ዘንጉ ቋሚ የሆነው ነው፤ በውስጡም ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሁለት ቤተሰቦች አሉ። ፊንላንዳዊው ሲጉርድ ሳቮኒየስ በ1920ዎቹ የፈለሰፈው ዓይነት በርሜል ከላይ እስከ ታች ለሁለት ተሰንጥቆ ግማሾቹ ጀርባ ለጀርባ ፈንጠር ብለው የተገጠሙ ይመስላል፤ በለስላሳ ነፋስ ይነሣል፣ ቀስ ብሎ ስለሚዞር ድምፁ አይረብሽም፣ ጎበዝ ብረት በያጅም ከአሮጌ በርሜል ሊሠራው ይችላል። ነገር ግን የሚወስደው ኃይል አነስተኛ ነው። 1 ሜትር ስፋትና 1.5 ሜትር ቁመት ያለው በሰከንድ 3 ሜትር ነፋስ 3 ዋት፣ በ6 ሜትር ደግሞ 24 ዋት ያህል ቢሰጥ ነው፤ ይህም ስልክ ለመሙላትና ለአንድ አምፖል እንጂ ለቤት አይበቃም። ፈረንሳዊው ጆርጅ ዳርዩስ የፈለሰፈው ዓይነት ቀጫጭን ክንፎች ያሉት ሲሆን ከሳቮኒየስ የተሻለ ኃይል ይሰጣል፤ ዳሩ ግን በራሱ ለመነሣት ይቸገራል፣ ክንፎቹም በእያንዳንዱ ዙር አንዴ ከነፋሱ ጋር አንዴ በተቃራኒው ስለሚሄዱ ብረቱና ኩሽኔታው ቶሎ ይደክማል። ዛሬ በማስታወቂያ የምናያቸው የተጠማዘዙ፣ ውብ ቋሚ ተርባይኖች በአብዛኛው የዚህ ዝርያ ናቸው።

ቋሚ ዘንግ ያለው «ለከተማ የተሠራ» ተብሎ የሚሸጠው ነፋሱ ከየትም ቢመጣ ስለሚቀበል ነው። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን በከተማ ያለው ችግር ነፋሱ አቅጣጫ መቀያየሩ ብቻ ሳይሆን መድከሙም ነው፣ የደከመ ነፋስን ደግሞ የክንፍ ቅርጽ አያበረታውም። ሁለቱን ዓይነቶች እኩል በሚጠርጉት ስፋት ካነጻጸርናቸው በእኔ ግምት አግድሙ ኃይልን በተመለከተ ይቀድማል፤ ቋሚው የሚቀድመው በጸጥታ፣ በመልክ፣ እንዲሁም ጄነሬተሩ ከታች በመሆኑ ለጥገና በመቅረቡ ነው። ለሆቴል በረንዳ ጌጥ ለሚፈልግ ሰው ይህ በቂ ምክንያት ሊሆን ይችላል፣ ጌጥ መሆኑን አውቆ ከገዛ።

ከማሽኑ ዓይነት ይልቅ ውጤቱን የሚወስነው የሚተከልበት ቦታ ነው። ነፋስ ከጣሪያ ጠርዝ ጋር ሲጋጭ ይሰበራል፣ ይሽከረከራል፤ ከጠርዙ በላይ ጥቂት ሜትር ላይ የተተከለ ተርባይን የሚያገኘው ይህንን የተመሰቃቀለ አየር ነው። በሙያው የታወቀው መመሪያ የተርባይኑ የታችኛው ክንፍ በ150 ሜትር ዙሪያ ካለው ከማንኛውም ቤትና ዛፍ ቢያንስ 9 ሜትር ከፍ ይበል ይላል። የባሕር ዛፍ አጥር ባለበት ሰፈር ይህንን ማሟላት ምን ያህል እንደሚከብድ ጎጃምን ለሚያውቅ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ዛሬ ቢሟላም ባሕር ዛፉ በሦስት ዓመት ይደርስበታል። በእንግሊዝ አገር በቤትና በሕንፃ ላይ በተተከሉ 26 ተርባይኖች ላይ የተደረገውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ሙከራ፣ የተዘጉባቸው ጊዜያት ጭምር ሲታሰቡ አንዱ ተርባይን በአማካይ በቀን 214 ዋት ሰዓት ብቻ እንዳመነጨ አሳይቷል። በረጃጅም ሕንፃዎች ላይ የነበሩት የተሻለ አቅም ቢኖራቸውም ነዋሪዎች በድምፅ ስላማረሩ አብዛኛውን ጊዜ ተዘግተው ቆይተዋል።

ንዝረትም አለ። በኮንክሪት በተሠራ ባለ አራትና አምስት ፎቅ ሕንፃ ላይ ምሰሶው ከኮለኑ ጋር በብሎን ታስሮ በመካከሉ ጎማ ቢገባ ንዝረቱን ይቀንሰዋል፤ በጭቃና በእንጨት ለተሠራ የቆርቆሮ ቤት ግን ተርባይን ጣሪያው ላይ መጫን ፈጽሞ አይመከርም። ቆርቆሮው ንዝረቱን እንደ ከበሮ ያጎላዋል፣ ምስማሩም እየላላ ክረምቱን ያስገባል። እንዲህ ላለው ቤት ትክክለኛው አማራጭ ከቤቱ ርቆ በሽቦ የተወጠረ የራሱ ምሰሶ ነው።

ገና ሲነደፉ ተርባይን የተካተተባቸው ታላላቅ ሕንፃዎችም ተመሳሳይ ነገር ይናገራሉ። በባሕሬን የንግድ ማዕከል መንትያ ማማዎች መካከል የተዘረጉት እያንዳንዳቸው 225 ኪሎ ዋትና 29 ሜትር የሆኑ ሦስት ተርባይኖች ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከባሕረ ሰላጤው የሚነፍሰውን ነፋስ ይቀበላሉ፤ ማማዎቹም ነፋሱን ወደ መካከል እንዲያጠብቡት ተደርገው ተቀርጸዋል። ለንደን ውስጥ በ2010 እ.ኤ.አ. በተጠናቀቀው ስትራታ በተባለ ሕንፃ አናት ላይ ያሉት ሦስት 19 ኪሎ ዋት ተርባይኖች የሕንፃውን ፍጆታ 8 በመቶ ይሸፍናሉ ተብሎ ታቅዶ ነበር፤ ሆኖም ብዙውን ጊዜ ቆመው እንደሚታዩ ተደጋግሞ ተዘግቧል።

በጎጃም የትኛው ቦታ ይሻላል ለሚለው የመጀመሪያው መረጃ ከገበሬው ሊገኝ ይችላል። አውድማ የሚለቀለቀው ነፋስ በሚያገኝ ቦታ ነው፤ ጤፍ ወይም ስንዴ ለማዝራት ነፋስ የሚጠብቅ ሰው የትኛው ጉብታ በየትኛው ሰዓት እንደሚነፍስ በቃሉ ያውቃል። ነገር ግን ለማዝራት የሚበቃ ነፋስ ለተርባይን ላይበቃ ስለሚችል ከዚያ በኋላ አናሞሜትር (የነፋስ ፍጥነት መለኪያ) ገዝቶ ተርባይኑ በሚቆምበት ከፍታ ላይ በበጋም በክረምትም መለካት ይገባል፤ መሣሪያው ከተርባይኑ ጋር ሲተያይ ርካሽ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከሚደርሰው ከጮቄ ተራራ ወገብ በላይ ያሉ ገላጣ ጉብታዎች ተስፋ የሚሰጡ ሲሆን፣ በጣና ዳር ደግሞ ቀን ከሐይቁ ወደ የብስ፣ ሌሊት ከየብስ ወደ ሐይቁ የሚነፍስ ለስላሳ ነፋስ አለ። ለምቾት ግሩም ነው፤ ለኃይል ግን ደካማ።

እዚህ ላይ ሶላርን አለማንሣት ገዢውን መበደል ነው። አማካይ ነፋሱ በሰከንድ 3 ሜትር በሆነ ቦታ፣ ነፋሱ ወጣ ገባ በማለቱ የሚገኘውን ጭማሪ አስበን ከላይ የጠቀስነውን የ10 ዋት ስሌት በእጥፍ ብናሳድገው እንኳ፣ ባለ 2 ሜትሩ ተርባይን በቀን ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል፤ ይህም አምስት ባለ 10 ዋት አምፖሎችን ለአሥር ሰዓት ያበራል። አንድ የ550 ዋት ፓነል በጎጃም የበጋ ፀሐይ በቀን ከ2 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይሰጣል፣ የሚሽከረከር ነገር የለውም፣ ቆርቆሮ ጣሪያም ይችለዋል። በሐምሌና በነሐሴ ደመና ምርቱ መቀነሱ እውነት ነው፤ ብዙ ሰው ተርባይን የሚመኘውም ያንን ክፍተት ይሞላልኛል ብሎ ነው። የክረምቱን ክፍተት ለመሙላት ግን ከተርባይን ይልቅ ሁለተኛ ፓነል መጨመር በአብዛኛው ቦታ ይቀላል። ምጣድን በተመለከተ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚፈልግ በሁለቱም ማሰብ አይገባም።

ይህ ሁሉ ተነግሮት በገላጣ ጉብታ ላይ ቦታ ያለውና ለክቶ በአማካይ በሰከንድ 5 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ነፋስ ያገኘ ሰው አግድም ዘንግ ያለውን በራሱ ምሰሶ ላይ ተክሎ ከሶላር ጋር ቢያጣምረው መልካም ነው። በዚህ ጊዜ የሶላሩን ቻርጅ ኮንትሮለር (የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠረውን መሣሪያ) ለተርባይኑ መጠቀም የለበትም። ፓነል ባትሪው ሲሞላ ቢቆረጥ ምንም አይሆንም፤ ተርባይን ግን ጭነት ሲያጣ ፍጥነቱ እየጨመረ ክንፉን እስኪሰብር ሊዞር ስለሚችል፣ ትርፉን ኃይል ወደ ማሞቂያ ሽቦ የሚያዞር የራሱ ኮንትሮለርና የሚያቆመው ፍሬን ያስፈልገዋል። መብረቅ በሚበዛበት አገር ምሰሶው በወፍራም የመዳብ ሽቦ ከመሬት ጋር መያያዝም አለበት።

ሱቅ ውስጥ ሻጩን ማሽኑ አይ ኢ ሲ 61400-2 በተባለው የአነስተኛ ተርባይኖች ደረጃ ተፈትኖ እንደሆነና በሰከንድ 5 ሜትር ነፋስ ስንት ዋት እንደሚሰጥ መጠየቅ ይገባል። በጽሑፍ ካልሰጠ ሌላ ሱቅ መሄድ ነው። ጄነሬተሩንም እዚያው መፈተን ይቻላል፦ ዘንጉን በእጅ አዙሮ ቀላልነቱን ከተመለከቱ በኋላ ከጄነሬተሩ የሚወጡትን ሦስቱን ሽቦዎች እርስ በርስ አያይዞ እንደገና ማዞር ነው። አሁን በግልጽ ከከበደ ማግኔቱና ጥቅሉ ይሠራል፤ እንደ በፊቱ ከቀለለ ግን ሳጥኑን መልሶ መዝጋት ነው።