እየሄደ ድንገት የሚጠፋ አሮጌ መኪና፦ ኮድ ማንበቢያ፣ ቴስተር ወይስ የነዳጅ ግፊት ጌጅ?

መንገድ ላይ ጠፍቶ፣ ሩብ ሰዓት አርፎ ምንም እንዳልሆነ የሚነሳ መኪና ጋራዥ ሲደርስ አይጠፋም። መካኒኩ ያላየውን ብልሽት በግምት ይጠግናል፤ መጀመሪያ ካንዴላ፣ ቀጥሎ ፊልትሮ፣ ቀጥሎ የነዳጅ ፓምፕ ይቀየራል፤ መኪናው ግን መጥፋቱን አይተውም። ዕቃ ከመግዛት በፊት መሣሪያ መግዛት የሚያዋጣው ለዚህ ነው። ንጽጽሩን ያደረግነው አዲስ አበባ ውስጥ በብዛት በሚታየው፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በተሠራው ባለ ዲስትሪቢዩተር (እሳቱን ለካንዴላዎች የሚያከፋፍለው ክፍል) ኮሮላ፣ ማለትም 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ላይ ነው።

መጀመሪያ አጠፋፉን ያስተውሉ

ይህ ምንም አያስወጣም። መኪናው ማርሽ ውስጥ እያለ ሞተሩ ቢጠፋም ጎማው ሞተሩን ማዞሩን አያቆምም፤ ስለዚህ የአርፒኤም መርፌው ቀስ እያለ ነው መውረድ ያለበት። በአንድ ጊዜ ዜሮ ላይ ከወደቀ የካንዴላው እሳት ተቋርጧል፤ ኮይል (ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያመነጨው)፣ ኢግናይተር (ኮይሉን የሚያበራና የሚያጠፋው) ወይም ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለው ፒክአፕ (የሞተሩን ዙር የሚያነበው ሴንሰር) ይጠረጠራል። መርፌው እየሠራ መኪናው እየተንገጫገጨ ጉልበት አጥቶ ከጠፋ ነዳጅ ነው። ሲጠፋ የዘይትና የባትሪ መብራቶች ዳሽቦርዱ ላይ ካልበሩ የቁልፉን ኮንታክትና የባትሪውን ተርሚናል ይመልከቱ።

የትራፊክ መብራት ላይ ሲቆም ወይም ፍሪሲዮን ሲረገጥ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ምንም አይግዙ። የሚኒሞ (ጋዝ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚሠራበት ዙር) ቫልቩንና ትሮትል ቦዲውን (አየር ወደ ሞተሩ የሚገባበትን በር) ማጽዳት፣ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ መፈለግ ይቀድማል።

ኮድ ማንበቢያ

በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚሠራው ኢኤልኤም327 ርካሽና ቀላል ነው፤ ችግሩ መኪናው እንዲያናግረው ማድረጉ ነው። ኦቢዲ2 (የመኪና ኮምፒውተር ምርመራ መስፈርት) አሜሪካ ውስጥ ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ፣ አውሮፓ ውስጥ ለቤንዚን መኪኖች ከ2001 ጀምሮ ነው። በዚያ ዘመን ለጃፓንና ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ገበያ የተሠሩ ቶዮታዎች ይህ ግዴታ አልነበረባቸውም። ባለ 16 ቀዳዳው ሶኬት ቢኖር እንኳ መኪናው የሚናገረው ሌላ ቋንቋ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሻጩ ፊት ሰክታችሁ ካልተገናኘ አትክፈሉ። ካርቶኑ ላይ ያለው "ስሪት 1.5" የሚል ጽሑፍም ዋስትና አይደለም፤ የመጀመሪያው አምራች 1.5 የሚባል ስሪት አውጥቶ አያውቅም።

ለአሮጌው ኮሮላ አንድ ቁራጭ ሽቦ ይበቃል። ኮፈኑ ሥር ያለውን የምርመራ ሳጥን ክዳን ከፍተው ቲኢ1 እና ኢ1 የሚባሉትን ቀዳዳዎች ያገናኙ፤ ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ይክፈቱና የቼክ ኢንጅን መብራቱን ብልጭታ ይቁጠሩ። አንድ ጊዜ ብልጭ ብሎ፣ ትንሽ ቆይቶ አራት ጊዜ ብልጭ ካለ ኮድ 14 ነው፦ ከኢግናይተሩ ወደ ኮምፒውተሩ መመለስ ያለበት ምልክት ጠፍቷል። 12 እና 13 የሞተሩን ዙር የሚነግረው ምልክት መጥፋቱን ያሳያሉ፤ 31 የማፕ ሴንሰር (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ግፊት የሚለካው) ነው። ሳይቋረጥ በእኩል ፍጥነት ብልጭ ብልጭ ካለ የተመዘገበ ኮድ የለም። ካነበቡ በኋላ የኢኤፍአይ ፊውዙን ቢያንስ ለ10 ሰከንድ ነቅለው ያጥፉት፤ መኪናው ዳግም እስኪጠፋ ነድተው እንደገና ያንብቡ። የነዳጅ ፓምፕ መድከም በዚህ መኪና ላይ ኮድ እንደማያወጣ ግን አይርሱ።

አሜሪካ ውስጥ የ2000 ኮሮላ የሚነዳ ሰው ግን ከኮድ ማንበቢያው ይጀምር። ፒ0335 የክራንክ ሴንሰሩን፣ ፒ0340 የካም ሴንሰሩን፣ ፒ1300 የኢግናይተሩን መስመር በቀጥታ ያመለክታሉ። ማፕ ሴንሰር ያለው መኪና አዲስ አበባ ላይ ሞተሩ ሳይነሳ ሲነበብ 76 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ማሳየት አለበት። መጽሐፍ ላይ ያለው 101 የባሕር ጠለል ቁጥር ነው፤ ይህን ባለማወቅ ጤነኛ ሴንሰር ይጣላል።

ቴስተር

ለባለ ዲስትሪቢዩተር መኪና መጀመሪያ የምንገዛው ይህን የቮልትና የኦም መለኪያ ነው። ርካሹ ቢጫ ቴስተር ለቋሚ ብልሽት ይሠራል፤ እየመጣ ለሚሄድ ብልሽት ግን ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ንባብ የሚይዝ ቁልፍ ያለው ይመረጥ። ቮልቴጁ ለአፍታ ወርዶ ቢመለስ ዓይን አይይዘውም፤ እሱ ይይዘዋል።

ሞተሩ ሲሠራ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መኖር አለበት። ከባትሪው ነጌቲቭ እስከ ሞተሩ ብረት ያለው ልዩነት ከ0.2 ቮልት ካለፈ የኔጋቲቭ ገመዱ ይጽዳ። ከዚያ ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለውን የኤንኢ (የሞተር ዙር ምልክት) ፒክአፕ ኦም ይለኩ፦ ሲቀዘቅዝ ከ370 እስከ 550፣ ሲሞቅ ከ475 እስከ 650። ሲቀዘቅዝ ትክክል ሆኖ በፀጉር ማድረቂያ ሲሞቅ መስመሩ የሚቆረጥ ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ከቴስተሩም በላይ የሚረዳ ዘዴ አለ። ሁለት ትንንሽ ባለ 12 ቮልት አምፖሎችን ፊውዝ ባላቸው ረጃጅም ሽቦዎች፣ አንዱን ከኮይሉ ፖዘቲቭ፣ ሌላውን ከነዳጅ ፓምፑ መስመር ጋር ያገናኙና ዳሽቦርዱ ላይ ያስቀምጡ። መኪናው ሲጠፋ የትኛው እንደጨለመ የሚያየው አጠገብ የተቀመጠ ሰው እንጂ ሹፌሩ አይሁን። ሁለቱም ከጨለሙ የጋራ መነሻቸውን፣ ቁልፉንና ዋናውን ፊውዝ ይፈትሹ። የፓምፑ ብቻ ከጨለመ ግን ለፓምፕ ገንዘብ አያውጡ፦ ማፕ ሴንሰር ባለው ሞተር ኮምፒውተሩ የኤንኢ ምልክት ሲያጣ የፓምፑን ሪሌ (የኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያ) ራሱ ያጠፋል። ጥፋቱ የሪሌው ወይም የዲስትሪቢዩተሩ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ደህና ፓምፕ የሚቀየረው በዚህ ስህተት ነው።

የነዳጅ ግፊት ጌጅ

ሁለቱም አምፖሎች እንደበሩ፣ የአርፒኤም መርፌውም በአንድ ጊዜ ሳይወድቅ መኪናው ከጠፋ ተራው የጌጁ ነው። ለቶዮታ ባንጆ ብሎን (መሃሉ ነዳጅ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ያለው ብሎን) የሚሆን አዳፕተር ያለው መሆኑን ሳያዩ አይግዙ፤ ሲገጥሙም አዳዲስ ሮንዴላ ያድርጉ፣ አሮጌው ያንጠባጥባል። ከመፍታትዎ በፊት የባትሪውን ነጌቲቭ ያላቁ፣ እሳት አያቅርቡ።

የሬጉላተሩ (የነዳጅ ግፊቱን የሚያስተካክለው) የቫኪዩም ቱቦ ተነቅሎ ሲዘጋ ግፊቱ ከ2.7 እስከ 3 ባር መሆን አለበት። ሞተሩ ከጠፋ ከ5 ደቂቃ በኋላም ቢያንስ 1.5 ባር መቆየት ይኖርበታል። ቱቦው ተመልሶ ሲሰካ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ከፍታ ላይ ቫኪዩሙ ደካማ ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ መጽሐፉ ከሚለው ያነሰ ይቀንሳል። እየነዱ ለማየት ጌጁን ከመስተዋቱ ውጭ፣ ዝናብ መጥረጊያው ሥር አጥብቀው ይሰሩት። የነዳጅ ቱቦ ወደ ውስጥ በፍጹም አይግባ።

መለዋወጫው፦ ያገለገለ ኦሪጅናል ወይስ አዲስ ኮፒ?

ለዲስትሪቢዩተር፣ ለኮይልና ለኢግናይተር ሶማሌ ተራ (የአዲስ አበባ የመኪና መለዋወጫ ገበያ) የሚገኘውን ያገለገለ ኦሪጅናል ከአዲስ ኮፒ እናስቀድማለን፤ እዚያው በቴስተር ተለክቶ፣ ዘንጉ በእጅ ሲነቀነቅ የማይላወስ ከሆነ፣ እና ሻጩ ሞቆ ካልሠራ እንደሚመልስ ከተስማማ። የነዳጅ ፓምፕ ግን ያገለገለ አይገዛም፤ ብሩሹ ምን ያህል እንዳለቀ ከውጭ አይታይም። ሪሌ ከየትኛውም ቢሆን ችግር የለም።

አዲሱን ዲስትሪቢዩተር ሲገጥሙ ጎሚኒው ይቀየር፤ ካልተቀየረ ዘይት ያፈሳል። ታይሚንጉ (እሳት የሚሰጥበት ጊዜ) የሚስተካከለው ያችው ሽቦ ቲኢ1ን ከኢ1 ጋር እንዳገናኘች፣ ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ እያለ፣ ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 10 ዲግሪ በፊት ነው።