ሌ ጉዊን ወይስ በትለር፦ በየትኛዋ ይጀመር?

ሳይንሳዊ ልብ ወለድና ፋንታሲ ከማን ልጀምር ብሎ ለሚጠይቀኝ፣ በእንግሊዝኛ ለሚያነብ ወዳጅ ሁሉ የምጠቁመው ሁለት አሜሪካውያን ሴት ደራስያንን ነው፤ ኧርሱላ ሌ ጉዊንን እና ኦክታቪያ በትለርን።

ሌ ጉዊን እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተመችው «ኤ ዊዛርድ ኦፍ ኧርዝሲ» ለአማርኛ አንባቢ በተለይ የሚቀርብ ይመስለኛል። በዚያ የደሴቶች ዓለም አስማት ማለት የነገሮችን እውነተኛ ስም ማወቅ ሲሆን፣ የሰውም እውነተኛ ስሙ እጅግ ለሚታመን ካልሆነ በቀር አይነገርም። «አስማት» በግእዝ «ስሞች» ማለት መሆኑን የሚያውቅ፣ ከመጠሪያው ሌላ የክርስትና ስም ያለው ሰው ይህን ሕግ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። ባለታሪኩ 13 ዓመት ሲሞላው ራቁቱን ሆኖ ቀዝቃዛውን የወንዝ ውኃ ይሻገራል፤ ማዶ ቆሞ የሚጠብቀው ጠቢብም ክንዱን ይዞ ስሙን በሹክሹክታ ይነግረዋል። ይህን ቦታ ባነበብሁ ቁጥር ክርስትና ሲነሣ ያየሁት ሁሉ በዓይኔ ይመጣል። ትረካው ግን የረጋ፣ ንግግር የማይበዛበት በመሆኑ ጥድፊያ የሚወድ አንባቢ ሊሰለቸው ይችላል።

የበትለር «ኪንድረድ» (1979) በተቃራኒው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አይለቅም። በ1976 ካሊፎርኒያ የምትኖር ጥቁር ሴት በ26ኛ የልደት ቀኗ ድንገት አዙሯት ስትነቃ ራሷን አንድ ልጅ ከሚሰጥምበት ወንዝ ዳር ታገኘዋለች። ያወጣችው ልጅ በባርነት ዘመን ሜሪላንድ የሚኖር የባሪያ ጌታ ልጅ፣ ደግሞም የራሷ ቅድመ አያት ነው፤ እርሱ ካልኖረ እርሷም አትወለድም። እንዴት ወደዚያ እንደሄደች መጽሐፉ አያብራራም፤ ማብራራትም አላስፈለገውም። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭርና ግልጽ ስለሆኑ እንግሊዝኛው ለሚከብደው ሰው ይህን አስቀድማለሁ። ግርፋቱና ግፉ ግን ሳይሸፋፈን ስለተጻፈ ለልጅ አይሰጥም፤ ለ12 ዓመት ልጅ የሚገዛ ሰው ያለ ሥጋት «ኧርዝሲ»ን ይግዛ።

ሳይንሳዊ ልብ ወለዱን ለሚሻ፣ ሁጎና ኔቡላ ሽልማቶችን ያገኘው የሌ ጉዊን «ዘ ሌፍት ሃንድ ኦፍ ዳርክነስ» (1969) ታላቅ ሥራ ቢሆንም፣ የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች በባዕድ ስሞችና ቃላት የታጨቁ ስለሆኑ ለጀማሪ አልመርጠውም። የበትለር «ፓራብል ኦፍ ዘ ሶወር» (1993) በአንዲት ወጣት የዕለት ማስታወሻ መልክ የተጻፈ ስለሆነ ይቀላል። እርሱን የሚገዛ የ1998ቱን ተከታይ አብሮ ቢገዛ ይሻላል፤ ሦስተኛውን ክፍል በትለር ሳትጨርሰው በ2006 አርፋለች።