ሺማንቶ ወይስ ናጋራ?

ጃፓን ሄዶ ወንዝና አሳ ማየት የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ በእነዚህ ሁለት ወንዞች መካከል ይዋልላል።

መንገድ፦ ናጋራ ይቀላል። ከትልቋ ከተማ ከናጎያ ወንዙ እስከሚያልፍባት ጊፉ ከተማ በባቡር 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ሺማንቶ ግን ሺኮኩ ደሴት ላይ፣ ኮቺ ግዛት ውስጥ ነው፤ ጊዜም ገንዘብም ይጠይቃል።

ወንዙ፦ ሺማንቶ እየተጠማዘዘ 196 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ዋናው ወንዝ ላይ ትልቅ ግድብ የለም። ድልድዮቹ ዝቅ ያሉና መደገፊያ የሌላቸው ናቸው። ጎርፍ ሲመጣ ውሃው ከላያቸው እንዲያልፍና ግንድ እንዳይሰካባቸው ታስቦ ነው። ናጋራ 166 ኪሎ ሜትር ነው። ባሕር ከመግባቱ በፊት ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ የውሃ መዝጊያ አለው። የአሳ መተላለፊያ ቢኖረውም፣ ከባሕር ወደ ወንዝ ለሚመላለስ አሳ ያሳስበኛል።

አሳው፦ አዩ የሚባለው፣ ከድንጋይ ላይ አልጌ እየጋጠ የሚያድገው አሳ ሁለቱም ጋ አለ። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ሺማንቶ ከባሕር የሚገናኝበት አካባቢ አካሜ ይኖራል፤ ከአንድ ሜትር በላይ የሚያድግ፣ ዓይኑ ብርሃን ሲያርፍበት ቀይ የሚያበራ። ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የጫሞ ሐይቁ ናይል ፐርች የቅርብ ዘመድ ነው። ናጋራ ላይ ደግሞ ማታ ማታ ጀልባ ጫፍ ላይ እሳት ይነድዳል፣ ኮርሞራንት የተባሉ ወፎች ጠልቀው አዩ ያወጣሉ። ትልቁን እንዳይውጡ አንገታቸው ላይ ገመድ ይታሰራል። ይህ ከግንቦት እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ብቻ ነው።

ጊዜ ካጠረህ፣ ቤተሰብም ካለ፣ ናጋራ። ታንኳ መቅዘፍና ሰው ያልበዛበት ውሃ ካማረህ ሺማንቶ፤ የአውሎ ነፋሱን ወቅት ብቻ ሽሽ።