ቁጥር 36 የልጆች ታኬታ፦ ከመስከረም እስከ ሰኔ

ጫማው ኤፍጂ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ላዩ ሲንተቲክ፣ ሶሉ ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ጥርሶቹ ከሶሉ ጋር አብረው የወጡና የማይፈቱ። ያደረገው የ12 ዓመት ልጅ ሲሆን በሳምንቱ መካከል ጠጠር ባለው የሰፈር ሜዳ፣ ቅዳሜ ደግሞ በኪራይ ሰው ሠራሽ ሣር ላይ ይጫወትበታል። ጫማው ዛሬም ያጫውታል። ልጁ ግን እግሩ አልፎታል፤ ቢሆንም አልለቅም ብሏል።

በጥንካሬው ትልቅ ቅሬታ የለም። ኤፍጂ የተሠራው ለተፈጥሮ ሣር ስለሆነ ጠጠር ላይ ጥርሱ ቶሎ ይበላል፤ መጀመሪያ ያለቁት ከአውራ ጣት ሥር ያሉትና የተረከዙ የውጭ ጥርሶች ናቸው። ጥር ላይ ጣቶቹ የሚታጠፉበት ቦታ ጋ ሶሉ መላቀቅ ጀመረ። ጥገናው ቀላል ነው፦ አፈሩን በብሩሽ ማጽዳት፣ ሁለቱንም ገጽ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ፣ ማስቲሽ በስሱ ቀብቶ 10 ደቂቃ ያህል ማቆየት፣ ከዚያ ተጭኖ በብስክሌት ከመነዳሪ ጠፍሮ እስከ ማግስቱ መተው። ጫማ ሰፊ ጋ ዙሪያውን ማሰፋት የበለጠ ይጠነክራል፤ ሆኖም ክሩ በውስጥ በኩል ጉብ ብሎ ትንሿን ጣት ሊፈገፍግ ስለሚችል እጅ አስገብቶ መዳሰስ ያስፈልጋል።

ዋናው ጉዳይ ልኩ ነው። በአውሮፓ አለካክ በአንድ ቁጥርና በቀጣዩ መካከል ያለው ልዩነት 6.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሲገዛ ከጣቱ ፊት 10 ሚሊ ሜትር ክፍት ቦታ ነበረ፤ ሚያዝያ ላይ ምንም አልቀረም። ሲንተቲክ ወደ ጎን ትንሽ ቢለቅም በርዝመት አይለቅም። «ይጠብሃል?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ ዋጋ የለውም፤ ጫማውን የሚወድ ልጅ «ልኬ ነው» ይላል። እውነቱን የሚናገሩት ሌሎች ነገሮች ናቸው፦ የጠቆረ የአውራ ጣት ጥፍር፣ ስስ ካልሲ መምረጥ፣ ዕረፍት ላይ ወዲያው ክር መፍታት፣ ቦታ ለማግኘት የውስጡን ሶል አውጥቶ መደበቅ። ይህ የመጨረሻው መጥፎ ነው፤ የጥርሶቹ ግፊት በቀጥታ ውስጥ እግርን ያገኘዋል።

ተረከዝ ሲታመም በቀላሉ አትለፉት። ከ8 እስከ 14 ዓመት ባለው ዕድሜ የተረከዝ አጥንት ገና ስለሚያድግ በሩጫና በዝላይ ብዛት የሚቆጣ ሕመም አለ፤ ሴቨርስ ይባላል። ስስ ሶልና ጥርስ በደረቅ መሬት ላይ ያብሱታል። ተረከዙን ከግራና ከቀኝ ጨመቅ ስታደርጉት ካመመው ጨዋታውን ቀንሱና ለሐኪም አሳዩት።

ልኩን ለማወቅ ማታ፣ በሚጫወትበት ካልሲ፣ ተረከዙን ግድግዳ አስነክቶ ወረቀት ላይ አቁሙትና እስከ ረጅሙ ጣት ለኩ። ሁለቱንም እግር ለኩ፤ ትልቁን ያዙ። የውስጡ ሶል ከዚህ ልኬት ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይርዘም። «ያድግበታል» ተብሎ ሁለት ቁጥር አስበልጦ መግዛት እዚህ አይሠራም፤ እግር በውስጡ ይንሸራተትና ተረከዝ ይላጣል፣ ቁርጭምጭሚትም ወለም ይላል። ለጠጠር ሜዳ ደግሞ አጫጭር የጎማ ጥርሶች ያሉት ቲኤፍ ይሻላል፤ ብዙ ወላጅ ይህን ልዩነት ሳያይ መግዛቱ ያሳዝነኛል።

አሮጌውን ደብቆ መጣል ግን በደል ነው። የመጀመሪያ ጎሉ ያለው እዚያ ጫማ ላይ ነው፤ ከውጭ አገር አጎቱ የላከለት ከሆነማ የበለጠ ይከብደዋል። ክሩን ፈትታችሁ አዲሱ ላይ እሰሩለት፣ ጫማውም ታጥቦ ይቀመጥለት። የውስጡ ሶል ግን አይዛወር፤ የድሮው እግር ቅርጽ ተቀርጾበታል። አዲሱን መጀመሪያ ለ20 ደቂቃ ያህል በኳስ ቅብብል ብቻ ይልመደው፤ ሙሉ ጨዋታ ከዚያ በኋላ።

ለታናሽ ወንድሙ ላውርስ ካለ ፈቃዱ የራሱ ይሁን። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ከኋላ ተመልከቱት፤ ተረከዙ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ ወይም የአንዱ ወገን ጥርሶች በግልጽ ካጠሩ አታውርሱት። ቀጥ ብሎ ከቆመ አዲስ የውስጥ ሶል ይግባበት፣ ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ ጥላ ሥር አድርቁት፤ ፀሐይ ማስቲሹን ያላቅቀዋል።