በሪሞት የሚታዘዝ የቴሌቪዥን መተግበሪያ ለምታሠሩ ሁሉ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለአንዲት ዲዛይነር ያለብኝን የምስጋና ዕዳ በአደባባይ ለመክፈል፣ እኛ ያየነውንም ፍዳ ሌላ ሰው እንዳያይ ለመጠቆም ነው። ሥራዋ ለቴሌቪዥን መተግበሪያዎች ገጽታ መንደፍ ነው፤ ይኸውም በጣት የማይነኩ፣ ማውስም የማይደርስባቸው፣ በሪሞት ኮንትሮል ብቻ የሚታዘዙ ገጾችን ማዘጋጀት ማለት ነው። ስሟ በአደባባይ እንዲጠራ ስላልፈቀደች እዚህ አልጽፈውም፤ የሚፈልጋት ሰው እንዴት እንደሚያገኛት ግን ወደ መጨረሻው እገልጻለሁ።

እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። ሙያዬ ፊዚዮቴራፒ ሲሆን፣ ከጥቂት ባልደረቦቼ ጋር ሆነን ከስትሮክና ከስብራት የሚያገግሙ ሰዎች በየቤታቸው የሚሠሯቸውን እንቅስቃሴዎች በቪዲዮ አዘጋጅተናል። ቪዲዮዎቹ መጀመሪያ የወጡት ለስልክ ነበር። ይሁን እንጂ ወንበር ተደግፎ እግሩን የሚያነሣ ሰው ስልክ በእጁ ሊይዝ አይችልም፤ ጠረጴዛ ላይ ቢያስቀምጠውም ከቆመበት ሆኖ አይታየውም። ስለዚህ ታካሚዎቻችን ራሳቸው «በቴሌቪዥን አድርጉልን» እያሉ ወተወቱን። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር፤ መከራችን የጀመረው የሚሠራልን ሰው ፍለጋ ስንወጣ ነው።

በመጀመሪያ ሥራውን የተረከበው ድርጅት፣ ስሙን መጥራት ባልፈልግም መማረሬን ግን አልደብቅም፣ የስልኩን ገጽታ እንዳለ አንሥቶ ለጠጠውና «ይኸው ለቴሌቪዥን ሆነ» ብሎ አስረከበን። በስልክ ላይ በጣት እየተገፋ የሚያልፈው ዝርዝር በሪሞት የሚያልፍበት መንገድ አልተበጀለትም። የተመረጠው ቁልፍ ካልተመረጠው የሚለየው ሰማያዊ ቀለሙ በጥቂቱ ጠቆር በማለቱ ብቻ ስለነበር፣ ሦስት ሜትር ያህል ርቆ የተቀመጠ ሰው፣ በተለይ የመስኮት ብርሃን ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ፣ የት ላይ እንዳለ የሚያውቅበት መላ አልነበረውም። «ቀጥል» የሚለው ቁልፍ ታችኛው ጥግ ላይ ተለጥፎ፣ በአንዳንድ ቴሌቪዥኖች ግማሹ ተቆርጦ ይታያል። ቪዲዮ እየታየ የመመለሻው ቁልፍ ሲነካ ደግሞ አንድ ደረጃ ወደኋላ በመመለስ ፈንታ መተግበሪያው ሙሉ በሙሉ ይዘጋና፣ ታካሚው የሚስጥር ቃሉን በቀስት አንድ አንድ ፊደል እየለቀመ እንደገና ከመግባት ሌላ አማራጭ አይኖረውም። ይህን ሁሉ ዘርዝረን ቅሬታ ስናቀርብ የተሰጠን መልስ እስካሁን ያንገበግበኛል፤ «ተጠቃሚዎቻችሁን አሠልጥኑ» ተባልን። እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ዓይኑ የደከመ ሰው የማይታይ ምልክት እንዲያይ ምን ተብሎ እንደሚሠለጥን ግን አልነገሩንም።

ከዚያ በኋላ የያዝነው ሰው እጅግ የሚያማምሩ ሥዕሎች ሠራልን፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ሳያቸው ልቤ ጠፍቶ ነበር። ፕሮግራመራችን ሥዕሎቹን ተቀብሎ ሁለት ቀላል ጥያቄዎች አነሣ፦ ገጹ ሲከፈት መጀመሪያ ተመርጦ የሚታየው የትኛው ነው? ከዚህኛው ላይ ሆኖ የቀኝ ቀስት ቢጫን ወዴት ይኬዳል? መልስ አልነበረም። ሰውዬው ሁሉንም የሠራው ከኮምፒውተሩ ፊት ለፊት፣ ማውስ ጨብጦ፣ አፍንጫው ስክሪኑን ሊነካ ሲል ተቀምጦ ነው፤ ሪሞት በእጁ ሲይዝ አንድም ቀን አላየነውም። ክፍያውን ግን ሳያዛንፍ ተቀብሏል፤ ከዚያ ወዲህ ስልካችንን አላነሣም። ገንዘባችንን ውሃ በላው።

ተስፋ ወደ መቁረጡ በተቃረብንበት ሰዓት ነው አንዲት ባልደረባዬ ይህችን ዲዛይነር የጠቆመችኝ። ገና በመጀመሪያው ንግግራችን ስለ ዓርማችን ወይም ስለ ምንወደው ቀለም ትጠይቀኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ጥያቄዋ ሁሉ ስለ ሰዎቹ ሆነ። ከቴሌቪዥኑ ምን ያህል ይርቃሉ? ተቀምጠው ነው የሚያዩት ወይስ ቆመው? ክፍሉ በዚያ ሰዓት ብርሃን ነው ወይስ ጨለም ያለ? ሪሞቱን የሚይዙት በደኅናው እጃቸው ነው? ቴሌቪዥናቸው አዲስ ነው ወይስ የቆየ? የምትጠይቀኝን ግማሹን እንኳ አጥርቼ መመለስ አልቻልኩም። ቀጥላም «እንግዲያው ከሚጠቀሙት ሰዎች አንዱን ላግኝ» አለች፤ እኔም ከአባቴ ጋር አስተዋወቅኋት።

አባቴ በሥራ ዘመናቸው ራዲዮ ይጠግኑ ነበር። ስንት የተበላሸ ራዲዮ ፈትተው የገጠሙ ሰው ከስትሮኩ በኋላ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሎ፣ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዲሉ፣ አንዲት ሪሞት ስታቅታቸው ከሕመሙ ይልቅ ኀፍረቱ ይጎዳቸው ነበር። እንግዳ ባለበት ሪሞት መያዝ ትተው ነበር። ዲዛይነሯ ስትመጣ ከጎናቸው ዝቅ ያለ መቀመጫ ስባ ተቀመጠችና፣ ፊቷን ወደ ቴሌቪዥኑ ሳይሆን ወደ እጃቸው አዞረች። አባቴ በግራ አውራ ጣታቸው ከታችኛው ቀስት ወደ መካከለኛው ቁልፍ ለመሻገር በፈለጉ ቁጥር ዓይናቸውን ከስክሪኑ ነቅለው ሪሞቱን ያያሉ፤ ቁልፉን አግኝተው ቀና ሲሉ ደግሞ የመረጡት ነገር የቱ እንደነበር ይጠፋባቸዋል፤ እንደገና ከላይ ይጀምራሉ። እኔ አሥሬ ላግዛቸው እጄን ስዘረጋ በዓይኗ ከለከለችኝ። በመጨረሻ አባቴ ሪሞቱን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው «ልጄ፣ እኔ አልችልበትም፤ ጊዜሽን አታባክኚ» አሏት። እርሷም «አባባ፣ የት የት ላይ እንደተበላሸ እያሳዩኝ እኮ ነው፤ እርስዎ ባይኖሩ ይህን ከየት አገኘው ነበር? እባክዎ አይተዉኝ፣ ይቀጥሉ» አለቻቸው። አባቴ ጀርባቸውን ቀና አድርገው ሪሞቱን መልሰው ሲያነሡ አንጀቴ ራሰ። ሌላው ሁሉ ይቅርና ስለዚህች አንዲት ንግግሯ ብቻ ይህን ጽሑፍ በጻፍኩ ነበር።

በዚያው ጨዋታቸው መሐል ነው ስለ ቀድሞዎቹ ሪሞቶች ያነሣችላቸው። ዜኒት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1956 ለገበያ ያቀረበው፣ ሮበርት አድለር የተባለው መሐንዲስ የሠራው ሪሞት ባትሪ አልነበረውም አለቻቸው፤ ቁልፉ ሲጫን በውስጡ ያለች ትንሽ መዶሻ የአሉሚኒየም ዘንግ ትመታለች፣ ዘንጉም የሰው ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ እያወጣ ቴሌቪዥኑን ያዘዋል። ለሰው የሚሰማው የቁልፉ «ቀጭ» ማለት ብቻ ነበር። የራዲዮ ነገር የተነሣባቸው አባቴ ስለ ዘንጎቹ ርዝመት፣ ስለ ተቀባዩ ክፍል አንድ በአንድ ይጠይቋት ጀመር፤ ከበሽታው ወዲህ እንዲያ ሲጫወቱ አላየኋቸውም ነበር። ኋላም «ይኼኛውም ስጫነው እንዲያ ቀጭ ቢለኝ እኮ መጫኔን አውቅ ነበር» አሏት። በሚቀጥለው ጊዜ ያመጣችው ገጽ ምርጫው ከአንዱ ወደ ሌላው በተዛወረ ቁጥር ለስለስ ያለ ድምፅ ያሰማ ነበር። ይህ በውላችን ውስጥ አልተጻፈም፤ ያዘዛትም የለም።

የሥራዋን ረቂቅ ክፍል ልተነትን አልችልም፤ ፕሮግራመራችንና እርሷ የሚነጋገሩበት አብዛኛው ነገር ለእኔ ባዕድ ነበር። በዓይኔ ያየሁትን ግን እናገራለሁ። ሁሉንም ገጽ በወረቀት ላይ አስቀምጣ፣ ከእያንዳንዱ ቁልፍ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቢባል ወዴት እንደሚደረስ በመስመር አገናኘችው፤ በቀድሞው ሥራ ውስጥ አንዴ ከተገባበት በቀስት የማይወጣበት ቦታ መኖሩን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። የተመረጠው ምስል አሁን ከፍ ብሎ ይጎላል፣ ወፍራም ነጭ ክፈፍ ይዞረዋል፣ ጎረቤቶቹ ደብዘዝ ይላሉ፤ ቀለም የመለየት ችግር ያለበት ሰው እንኳ አይስተውም። ጽሑፉን ያጸደቀችው ከግድግዳው ጋር ተጣብቃ ቆማ ካነበበችው በኋላ ነው። አንዳንድ ቴሌቪዥኖች የምስሉን ዳር እንደሚቆርጡ ስላወቀች በየጎኑ 5 በመቶ ያህል ባዶ ተወች፤ ስፋቱ 1920፣ ቁመቱ 1080 ፒክስል (ምስሉ የሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) በሆነ ስክሪን ላይ ይህ በግራና በቀኝ 96፣ ከላይና ከታች 54 ፒክስል ማለት መሆኑን ፕሮግራመራችን አስልቶ አሳይቶኛል፤ «ቀጥል» የሚለው ቁልፋችንም ከጥጉ ወጥቶ በሁሉም ቴሌቪዥን ላይ ሙሉ ሆኖ ይታያል።

ከሁሉ የደነቀኝ ግን ስለ ፍጥነት የነበራት ክርክር ነው። የቆዩ ቴሌቪዥኖች አቅማቸው ደካማ ስለሆነ፣ ሰው ቀስቱን ተጭኖ ለቅጽበት ምንም ካልተንቀሳቀሰ አልሠራም ብሎ ይደግመዋል፤ ከዚያ ሁለቱም ትእዛዝ ይደርስና ምርጫው የሚፈለገውን ዘሎ ያልፋል። አባቴ በእጃቸው መንቀጥቀጥ ያመካኙት የነበረው መዝለል አብዛኛው ከዚህ የመጣ ኖሯል። እርሷም ውብ ሆነው የሚንሸራተቱትን እንቅስቃሴዎች አንድ በአንድ አስወግዳ፣ ቁልፉ በተነካበት ቅጽበት መልስ የሚሰጥ ገጽ ካልሆነ አልቀበልም አለች። በልምምድ መካከል መካከለኛው ቁልፍ ያለ ምንም ተጨማሪ ምናሌ ቪዲዮውን ያቆማል፣ መልሶ ያስቀጥላል፤ ለማረፍ የፈለገ ታካሚ በዚያ ሰዓት ዝርዝር ሊያነብ አይችልምና። የመመለሻው ቁልፍ አንድ ደረጃ ብቻ ይመልሳል፤ ሲመልስም ቀድሞ በነበርንበት ምስል ላይ እንጂ ከመጀመሪያው ረድፍ ላይ አይጥለንም። የሚስጥር ቃል መልቀምም ቀርቷል፤ ቴሌቪዥኑ አጭር ኮድ ያሳያል፣ ታካሚው ወይም ልጁ ኮዱን በስልክ ያስገባል፣ በቃ። ለዚህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ ዓለም አቀፍ መስፈርት እንደወጣለት ስሰማ፣ ቀደም ሲል ሥራውን የያዙት ሰዎች ለምን አላነሡትም ብዬ እንደገና ተናደድኩ።

እንከን የላትም ብዬ ላሞካሻት አልሻም። ግትር ናት። እኛ በመግቢያው ገጽ ላይ በራሱ የሚጫወት ትልቅ ቪዲዮ እንዲኖር አጥብቀን ብንለምናት እሺ አላለችም፤ ዓይን ይሰርቃል፣ ያዘገያል፣ የሚፈለገውንም ወደ ታች ይገፋል ብላ ሞገተችን። እኔ ለጊዜው ቅር ብሎኝ ነበር። ሥራዋም ከሌሎቹ ይልቅ ጊዜ ይወስዳል፤ በየምዕራፉ ከተጠቃሚዎች ጋር ካልተቀመጠች ወደ ቀጣዩ አታልፍም። ለነገ የሚደርስ ነገር የምትፈልጉ ከሆነ አትስማማችሁም።

ጊዜ ያላችሁ ግን እባካችሁ ሥራችሁን ለእርሷ ስጧት። ትምህርት፣ ስብከት፣ ዜና፣ የልጆች ዝግጅት፣ ምንም ይሁን ምን በቴሌቪዥን የምታቀርቡት ነገር ካለ፣ በሶፋ ላይ የተቀመጠውን ሰው የምታስታውስ ባለሙያ ይህችው ናት። ደግሜ እላለሁ፣ እንደ እኛ ሁለት ጊዜ ከፍላችሁ፣ ሁለት ጊዜ አዝናችሁ እስክትደርሱ አትጠብቁ። አባቴ ዛሬ ልምምዳቸውን ራሳቸው ከፍተው ይሠራሉ፤ እንግዳ ቢኖርም ሪሞቱ ከእጃቸው አይወጣም፣ አንዳንዴ እንዲያውም ለእኛ ለማስረዳት ይዳዳቸዋል። ከታካሚዎቻችን «ጠፋብኝ» እያሉ ይደውሉልን የነበሩት አሁን የሚደውሉት ስለ ጉልበታቸውና ስለ ትከሻቸው ለመጠየቅ ነው፤ እኛም የምናውቀው ሙያ እሱ ነውና ደስ ብሎን እንመልሳለን። ለዚህ ሁሉ ፈጣሪ ውለታዋን ይክፈልልን፤ እጇ ይባረክ።

የምትፈልጓት በውስጥ መልእክት ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ስትጽፉ ሥራችሁ ምን እንደሆነ፣ ተጠቃሚዎቻችሁ እነማን እንደሆኑ፣ የትኞቹን ቴሌቪዥኖችና ሪሞቶች እንደሚጠቀሙ አብራችሁ ግለጹ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ስለሆነ። ለመጀመሪያው ቀጠሮም ከተጠቃሚዎቻችሁ ቢያንስ አንዱ ፈቃደኛ ሆኖ እንዲገኝ አድርጉ፤ ካልተገኘ ቀጠሮውን ታስተላልፈዋለች።